ሞተር ገዝቶ የሞተሩን ባለቤት መቅደም ይቻላል?

አዎ፣ ማክላረን አድርጎታል። ቡድኑ የራሱ ሞተር የለውም፤ ከመርሴዲስ ነው የሚገዛው። ግን በፈረንጆቹ 2024 እና 2025 የፎርሙላ ዋን የቡድኖች ሻምፒዮን የሆነው እሱ ነው፤ ያውም ሞተሩን የሸጠለትን መርሴዲስን ከኋላው አስከትሎ። የበለጠው ሞተሩን ተሸክሞ በሚሮጠው መኪና አሠራር ነው።

ታዲያ የሰው ሞተር ጣጣ የለውም? አለው እንጂ! ሆንዳ በ2020 "ከውድድሩ ልወጣ ነው" ሲል ሬድ ቡል ጭንቅ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የራሱን የሞተር ድርጅት አቋቋመ፤ ለ2026ቱ ሞተር ደግሞ ፎርድን አጋር አደረገ። ሆንዳም ሐሳቡን ቀይሮ ከ2026 ጀምሮ የአስተን ማርቲን አቅራቢ ሆነ።

እኛስ ጋ? የኃይሌ ገብረሥላሴ ማራቶን ሞተር አዲስ አበባ ላይ የገጣጠመው የኮሪያውን ሀዩንዳይ ነው። ቁይ ላይ የምንሳፈርበት ባጃጅም የሕንድ ሥሪት ነው። በሰው ሞተር መሄድ አያሳፍርም። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ሻጩ "በቃኝ" ያለ ቀን እጃችን ላይ የሚቀረው ሙያ ነው ወይስ ባዶ ጋራዥ? ሬድ ቡል መሐንዲስ ሰብስቦ ተዘጋጀ። እኛ መገጣጠሙን ስንማር መሥራቱንም እየተማርን ነው?

እናንተ ምን ትላላችሁ?