አደራ ተቀባዩ የማያውቀው ምስጢር

የይለፍ ቃል ረስተው «ረሳሁት» የሚለውን ሲጫኑ፣ ድረ ገጹ አዲስ እንዲያወጡ ከማድረግ ይልቅ የቀድሞውን ቃል ራሱን በኢሜይል ቢልክልዎ ብዙ ሰው ቀልጣፋ አገልግሎት ነው ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ግን ሊያስደነግጥ ይገባል። መልሶ ሊልክልዎ የቻለው ሊያነበው በሚችል መልክ ስላስቀመጠው ነው፤ እሱ ካነበበው ደግሞ ዳታቤዙን የሚያስተዳድረው ሠራተኛም፣ ነገ ሰብሮ የሚገባው ሌባም ያነበዋል። አገልግሎቶቻችን ከወረፋና ከመስኮት ወደ ስልክና ኮምፒዩተር እየተሸጋገሩ ነው። ይሁንና ስለ መግቢያው በር ደኅንነት በተነሳ ቁጥር ምክሩ ሁሉ የሚወርደው በተጠቃሚው ላይ ነው፦ ጠንካራ ቃል ምረጡ፣ ለሰው አትንገሩ፣ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። የእኔ እምነት ሌላ ነው። የይለፍ ቃል አደራ ነው፤ የአደራውም ሸክም በተቀባዩ፣ ማለትም በሩን በሠራው ባለሙያና ባሠራው ድርጅት ትከሻ ላይ ነው። ከሁሉ የሚታመነው አደራ ጠባቂ ደግሞ ምስጢሩን ራሱም የማያውቀው ነው።

ምስጢሩን ሳያውቁ ትክክለኛነቱን ማረጋገጥ እንዴት ይቻላል? መልሱ ከአርባ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ኤምአይቲ በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት የተሠራው ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት ብዙ ሰዎች አንድ ኮምፒዩተር እንዲጋሩ ያስችል ነበር፤ የይለፍ ቃል ከተጠቀሙት ቀዳሚዎችም አንዱ ነው። ቃላቱ እንዳሉ በአንድ ፋይል ተጽፈው ይቀመጡ ስለነበር በ1962 አለን ሼር የተባለ ተመራማሪ ተጨማሪ የማሽን ሰዓት ፈልጎ ፋይሉን አሳትሞ ወሰደው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም በአሠራር ስህተት ያው ዝርዝር በዕለቱ ማስታወቂያ ቦታ ላይ ወጥቶ ለገባው ሁሉ ታየ። ከቤል ላብራቶሪ ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ ከዚህ የሚያወጣውን መንገድ አስረዱ። ኮምፒዩተሩ ቃሉን አያስቀምጥም፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚሄድ ስሌት ይፈጨውና ዱቄቱን ያስቀምጣል። ባለቤቱ ተመልሶ ሲመጣ ያስገባው ቃል እንደገና ይፈጫል፤ ሁለቱ ዱቄት አንድ ከሆነ በሩ ይከፈታል። ዱቄት ተመልሶ ጤፍ አይሆንምና ዱቄቱን የሰረቀ ሰው ቃሉን በቀጥታ አያገኝም። ሳይፈጭ በፊትም ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ የዘፈቀደ ቁጥር ይጨመርበታል፤ ባለሙያዎቹ «ጨው» ይሉታል። በዚህ ምክንያት ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቃል ቢመርጡ እንኳ ዱቄታቸው አይመሳሰልም። ወፍጮው ሆን ተብሎ ቀርፋፋ መሆንም አለበት፤ ለሚገባው ሰው የሰከንድ ቁራሽ ምንም አይደለችም፣ ቢሊዮን ግምት ለሚሞክር ሌባ ግን ዓመታት ትሆንበታለች። በ1999 የቀረበው ቢክሪፕትና በ2015 ለዚሁ በተዘጋጀ ውድድር ያሸነፈው አርጎን2 እንዲህ ዓይነት ወፍጮዎች ናቸው።

ይህን የዘነጉ ድርጅቶች ያስከተሉት ጉዳት የአደባባይ ምስጢር ነው። በ2009 ሮክዩ ከተባለው ኩባንያ 32 ሚሊዮን የይለፍ ቃል ተሰረቀ፤ ሁሉም ሳይፈጭ፣ እንዳለ የተቀመጠ ነበር። ከቃላቱ መካከል በብዛት የተገኘው 123456 መሆኑ ለዓመታት መሳለቂያ ሆኗል። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላው ወገን ነው። ተጨንቆ ሃያ ፊደል ያለው ቃል የመረጠው ሰውና 123456 ብሎ የጻፈው በዚያ ቀን እኩል ተራቆቱ። የተጠቃሚው ጥንቃቄ ዋጋ የሚኖረው አደራ ተቀባዩ የራሱን ድርሻ ሲወጣ ብቻ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም። ሊንክድኢን በ2012 ሲሰረቅ ቃላቱ ተፈጭተው ነበር፣ ግን ያለ ጨውና በፈጣን ወፍጮ፤ ከአራት ዓመት በኋላ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ለሽያጭ ቀርበው ተገኙ። ትልቅ ስም ያለው ሁሉ አደራውን ያውቅበታል ማለትም አይደለም። ፌስቡክ በ2019 በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የይለፍ ቃሎች በውስጥ መዝገቦቹ ላይ እንዳሉ ተጽፈው መገኘታቸውን አምኗል፤ የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽንም በ2024 ባለቤቱን ሜታን 91 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል።

«ሰው ደካማ ቃል እየመረጠ ባለሙያው ምን ያድርግ?» የሚል መቃወሚያ ይነሳል፤ እውነትነትም አለው፣ ደካማ ቃል በቀርፋፋ ወፍጮ ቢፈጭም ይገመታልና። ነገር ግን ሰውን ወደ ደካማ ቃል የገፋው በአብዛኛው የባለሙያው ደንብ ራሱ ነው። ትልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ቀላቅሉ፣ በየሦስት ወሩ ቀይሩ የሚለው ልማድ መሠረት የሆነው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ቀደም ሲል ያወጣው ሰነድ ነው፤ ጸሐፊው ቢል በር በ2017 በዚያ ምክር መጸጸታቸውን በይፋ ተናግረዋል። ተቋሙም በዚያው ዓመት ምክሩን ቀየረ፦ ቃሉ ከስምንት ፊደል አይነስ፣ ያለ ምክንያት ቀይሩ ተብሎ ሰው አይገደድ፣ ተሰርቀው ከታወቁት ዝርዝር ውስጥ ከሆነ ግን ተቀባይነት አያግኝ። ከላቲን ውጭ ያሉ ፊደላትንና ክፍት ቦታን መቀበል እንደሚገባም መክሯል፤ ይህ ለእኛ ትርጉም አለው። አንድ ሰው በቃሉ የሚይዘውን ረጅም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር እንዳለ መቀበል ከተቻለ ምልክት ከማስቀላቀል እጅግ ይሻላል። እርግጥ ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒዩተሩ የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ በአንዱ ጽፎ በሌላው የሚሞክር ሰው በሩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የሚጻፈውን ለማየት የሚያስችል አማራጭ ሊኖር ይገባል።

«የእኛ ድርጅት ትንሽ ነው፣ ማን ብሎ ይሰርቀናል?» የሚለውም አያስኬድም። በሩን የሚያንኳኳው ተጠቂውን መርጦ ሳይሆን የተሰረቁ ቃላትን በየድረ ገጹ እየሞከረ የሚዞር ፕሮግራም ነው፤ አንዱን ቃል በየቦታው የሚጠቀም ሰው ብዙ ነውና ከትንሹ ሱቅ የተገኘው ቃል የደንበኛውን የኢሜይል በር ሊከፍት ይችላል። የጊዜና የገንዘብ ምክንያትም ባዶ ነው። ጃንጎና ላራቬል የተባሉት ነጻ መገንቢያዎች ጨውና ቀርፋፋ ወፍጮ ተገጥሞላቸው ይመጣሉ። የራሱን የመግቢያ ሥርዓት ከባዶ የሚጽፍ ባለሙያ የበለጠ ደክሞ የከፋ በር ይሠራል።

በርካቶች መፍትሔ አድርገው የሚያዩት ወደ ስልክ የሚላከውን የማረጋገጫ ኮድ ነው። ጥቅሙን አልክድም፤ ጉግል በ2019 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት እንዲህ ያለው ኮድ የፕሮግራሞችን ሙከራ ሙሉ በሙሉ፣ በጅምላ ከሚላኩ የማታለያ መልእክቶች 96 በመቶውን፣ አንድን ሰው ለይተው ከሚያነጣጥሩ ጥቃቶች ግን 76 በመቶውን ብቻ ይገታል። ስልክ ቁጥርን የማንነት ብቸኛ ማስረጃ ማድረግ ሌላም ጣጣ አለው። ወደ ሪያድ ወይም ወደ ዋሽንግተን የሄደ ሰው የአገር ቤት ሲም ካርዱ ሲዘጋ ከገዛ አካውንቱ ውጭ ይቀራል፤ የተተወ ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ከተሰጠ ደግሞ ኮዱ እንግዳ እጅ ይገባል። ጥሩ ባለሙያ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው በምን መንገድ እንደሚመለስ ገና በሩን ሲሠራ ያስባል።

በሩ ብቻውንም አይበቃም። መሥሪያ ቤት በር ላይ መታወቂያ አስይዞ ባጅ የወሰደ እንግዳ የዳይሬክተሩን ካዝና መክፈት አይችልም፤ በድረ ገጽ ላይ ግን ማን የቱን ማየት እንደሚፈቀድለት የሚወስነው ይህ ቁጥጥር ተደጋግሞ ይረሳል። ፈርስት አሜሪካን ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ድረ ገጽ ላይ በ2019 በገጹ አድራሻ ውስጥ ያለውን ቁጥር በመቀየር ብቻ ወደ 885 ሚሊዮን ሰነድ ማየት ይቻል እንደነበር ተደርሶበታል።

በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርግ ግዴታ ተጥሎበታል። አዋጁ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ከፍርድ ቤት በፊት በጨረታ ሰነድ ላይ ነው። ሥርዓት የሚያሠራ መሥሪያ ቤት ስለ ገጹ ውበትና ስለ ፍጥነቱ ከመጠየቁ አስቀድሞ የይለፍ ቃሉ በምን መልክ እንደሚቀመጥና ማን ሊያነበው እንደሚችል ይጠይቅ። «ማንም አያነበውም፣ እኛም ጭምር» ብሎ በተግባር ማሳየት ያልቻለ ተጫራች ሥራውን መረከብ የለበትም።