ከማለፊያ መቶኛ ባሻገር፦ የወላይታ ሊቃ ትምህርት ቤትና የዱቦ ተማሪ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ከተሰጠ በኋላ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ይታወሳል። ድርሻው በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ብቻ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚህ ድርቅ መካከል ስማቸው በበጎ ከሚነሣ ጥቂት ትምህርት ቤቶች አንዱ፣ በሶዶ ከተማ የሚገኘውና በወላይታ ልማት ማኅበር የተቋቋመው ሊቃ ትምህርት ቤት ነው።

ምስጋናው ተገቢ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ተማሪን ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ አነስተኛ ትምህርት ቤት በማለፊያ መቶኛ ብቻ ሲመዘን ሦስት ጉዳዮች ከእይታ ይሰወራሉ፤ ትምህርት ቤቱ በተማሪው ላይ የጨመረው እውቀት፣ ተማሪው በግቢው ውስጥ የሚኖረው ሕይወትና ከበሩ ውጭ የቀረው ልጅ ዕጣ።

የመጀመሪያው የመለኪያ ጥያቄ ነው። ለአብነት ያህል፣ አንድ ትምህርት ቤት በ8ኛ ክፍል አማካይ ውጤታቸው 85 የሆኑ ልጆችን ተቀብሎ በ12ኛ ክፍል 70 ቢያደርሳቸው፣ ሌላው ደግሞ 45 ይዘው የገቡትን 48 ቢያደርሳቸው፣ በአዳራሽ የሚጨበጨብለት የመጀመሪያው ነው። ፈተናዎቹ የተለያዩ በመሆናቸው ቁጥሮቹ በቀጥታ ባይነጻጸሩም፣ የመነሻው ልዩነት ሳይታወቅ የመድረሻውን ልዩነት ለመምህራን ብቻ ማስቆጠር ስሕተት ነው። ኤድሪየን ሉካስና አይዛክ ምቢቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በኬንያ ወደ ብሔራዊ ትምህርት ቤቶች ለጥቂት የገቡና ለጥቂት የቀሩ ተማሪዎችን አነጻጽረው፣ መግባቱ በፈተና ውጤት ላይ ያስከተለው ጉልህ ለውጥ እንዳላገኙ ገልጸዋል። በአንጻሩ ኪራቦ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2010 ስለ ትሪኒዳድና ቶቤጎ ባወጣው ጥናት፣ የተሻሉ ተማሪዎች ወዳሉበት ትምህርት ቤት መግባት ውጤትን እንደሚያሻሽል አሳይቷል። እንግዲህ መልሱ እንደየአገሩ የሚለያይ ከሆነ፣ ለወላይታም በወላይታ ሊጠና ይገባል።

ሁለተኛው የተማሪ ሕይወት ነው። መርጦ የሚቀበል ትምህርት ቤት ትልቁ ሀብት ሕንፃው አይደለም። መምህሩ ክፍለ ጊዜውን አያጓድልም፤ ተማሪው ማንበብ የማያሳፍርበት ግቢ ያገኛል፤ ጓደኛ ጓደኛውን በጥያቄ ይሞግታል። ይህ ልማድ ከየትኛውም አጋዥ መጽሐፍ ይበልጣል። ሆኖም ትምህርት ቤቱ መቶኛውን ላለማስነካት ሲጨነቅ፣ መጀመሪያ የሚሠዋው ይኸው ሕይወት ነው። የክርክር ክበቡ፣ የስፖርት ሰዓቱና የቤተ ሙከራ ሥራው ለጥያቄ ልምምድ ቦታ ይለቃሉ፤ እንቅልፍም ይቀነሳል። ምርጫ መልስ በማጥቆር የሠለጠነ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚጠበቅበት ግን ሌላ ነው፤ ራሱን ችሎ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ካልገባው መጠየቅና ከማያውቀው ሰው ጋር መኖር። ስለዚህ ክበቡና ሜዳው ለዩኒቨርሲቲ ከሚደረገው ዝግጅት የሚቆጠሩ እንጂ ከትምህርት የሚሰረቁ ሰዓቶች አይደሉም።

ሦስተኛውና ከባዱ የፍትሕ ጥያቄ ነው። ዱቦ በቦሎሶ ሶሬ ወረዳ፣ በአረካ ከተማ አቅራቢያ የምትገኝ፣ በካቶሊክ ሚሲዮኗና በሆስፒታሏ የምትታወቅ ስፍራ ናት። በዚያ አካባቢ የሚያድግ የገበሬ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች በወላይትኛ ይማራል፤ ከዚያ የመማሪያው ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራል። ከትምህርት መልስ ውኃ መቅዳት፣ ከብት መጠበቅና በእንሰት ሥራ ማገዝ ይጠብቀዋል። በከተማ አስጠኚ ተቀጥሮለት ካደገ እኩያው ጋር ለአንድ የመግቢያ ፈተና ሲቀመጥ፣ ፈተናው የሚለካው ችሎታን ብቻ ሳይሆን የኋላ ታሪክንም ነው። በፈተናው ሁለት ነጥብ ያነሰው የዱቦ ልጅ ምናልባት የበለጠ መንገድ የተጓዘው ነው። የልማት ማኅበር አቅም ደግሞ ከአባላት መዋጮና ከሕዝብ ድጋፍ የሚመነጭ እንደመሆኑ፣ የዱቦ ገበሬ በትምህርት ቤቱ ላይ ያለው ድርሻ ከሶዶ ነጋዴ ድርሻ አያንስም።

በዚህ ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ሀብት ውስን ነው፤ በሩ በሰፊው ከተከፈተ ጥራቱ ይወርዳል፤ ጎበዝ ልጆችም የሚሰባሰቡበት ቦታ ይሻሉ። ተቃውሞው በከፊል እውነት ነው፤ ምርጫው ይቅር የሚለውን ሐሳብ ውድቅ ያደርጋል። ምርጫው የሚካሄድበት መንገድ ይሻሻል የሚለውን ግን አይነካም። በየወረዳው ከሚገኙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከየክፍል ጓደኞቻቸው የላቁትን ልጆች በኮታ መቀበልና በመጀመሪያው ዓመት በቋንቋና በሒሳብ መደገፍ፣ የጎበዞችን ስብስብ አይበትንም፤ ጎበዝ የሚፈለግበትን ሜዳ ያሰፋል እንጂ።

ከዚህ በመነሣት፣ መርጠው የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ከማለፊያ መቶኛቸው ጎን የተማሪዎቻቸውን የመግቢያ ውጤትና የመጡበትን ወረዳ ቢያሳውቁ፣ የክበብና የስፖርት ሰዓትን በመርሐ ግብራቸው ቢያጸኑ፣ ቤተ ሙከራቸውንና ልምድ ያላቸውን መምህራን ቅዳሜ ቅዳሜ ለአጎራባች ትምህርት ቤቶች ቢያጋሩ ይበጃል። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የሚያስተምረው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ለዚህ የቅርብ አጋር ነው። በመግቢያው ፈተና ለጥቂት የገቡትንና ለጥቂት የቀሩትን ልጆች እስከ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ድረስ የሚከታተል አንድ የድኅረ ምረቃ ጥናት፣ ትምህርት ቤቱ በእርግጥ ምን እንደሚጨምር ያሳያል። ጥናቱ ከፍተኛ ጭማሪ ካሳየ፣ ተጨማሪ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በአረካ ወይም በዱቦ ለመክፈት ማስረጃ ይሆናል፤ አነስተኛ ጭማሪ ካሳየም፣ የማኅበሩ ቀጣይ ብር ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ቢፈስ የተሻለ መሆኑን ይጠቁማል። መቶኛው ብቻውን ከሁለቱ የትኛው እንደሚበጅ ሊነግር አይችልም።