ለመሬት ይግባኝ አለ፤ ለሆድ ሕመምስ?

በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ወረዳ የእርሻ ድንበር ክርክር የተረታ ገበሬ የፍርዱን ግልባጭ አውጥቶ ይግባኝ ይላል። ከወረዳ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ነገሩ ከጠና ደግሞ እስከ ሰበር ይደርሳል። ዳኛውን ናቀ ብሎ የሚወቅሰው የለም፤ መሬት ነውና እንዲያውም ዝም ቢል ነው የሚታማው። የዚያው ገበሬ ሚስት ግን በወረዳው ከተማ በመካነ ሰላም አልትራሳውንድ ተነሥታ «ሲስት አለሽ፣ በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት» ብትባል፣ ወይም ወራት ሙሉ ስትሰቃይ ማስታገሻ ብቻ ተሰጥቷት ብትመለስ፣ «ሌላ ሐኪም ይየኝ» ለማለት አንደበቷ ይተሳሰራል። ሐኪሙን ማስቀየም ይመስላታል። ቤተሰቡ የትራንስፖርቱን ወጪ ያሰላል። ዶክተሩ ተናግሯል ከተባለ ነገሩ ያለቀለት ነው።

ማለቅ የለበትም።

ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። «ማህፀኔ ላይ ውሃ ቋጠረ» ትላለች ታማሚዋ፤ ጎረቤትም ያንኑ ይደግማል። ሲስቱ ያለው ግን ማህፀን ላይ ሳይሆን በማህፀን ግራና ቀኝ ባሉት እንቁልጢዎች፣ ማለትም በእንቁላል ማምረቻዎቹ ላይ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ማህፀኗ ሊወጣ ነው ብላ የደነገጠች ሴት ከሕክምና ትሸሻለች፤ ልጅ ያልወለደች ከሆነች ደግሞ ትዳሯ የሚፈርስ ይመስላታል። አብዛኛው ሲስት ግን መውለድን አይከለክልም። አንደኛው እንቁልጢ ቢወጣ እንኳ በቀረው ጤነኛ እንቁልጢ ማርገዝ ይቻላል።

የወር አበባ በምታይ ሴት እንቁልጢ ውስጥ በየወሩ አንድ ትንሽ የውሃ ከረጢት ያድጋል። እንቁላሉን ከመልቀቁ በፊት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። አልትራሳውንዱ በዚያ ቀን ከተነሣ «ሲስት» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ በእርግጥ ግን በሽታ ሳይሆን የአካል የወር ሥራ ነው። ከዚህ ከፍ ያሉትም አብዛኞቹ በሁለት ሦስት የወር አበባ ዑደት ውስጥ ያለ መድኃኒት ይጠፋሉ። የእንግሊዝ የጽንስና ማህፀን ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያ፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነና ንጹሕ ውሃ ብቻ የያዘ ሲስት ገና የወር አበባ በምታይ ሴት ላይ ከተገኘ ክትትል እንኳ አያስፈልገውም ይላል። ብዙ ጊዜ «እንዲያቀልጠው» ተብሎ የሚሰጠው የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልም ያለውን ሲስት ቶሎ እንደማያጠፋ ጥናቶች አሳይተዋል።

በሌላው በኩል ዝም ብሎ የማይጠፋ አለ። ዴርሞይድ የሚባለው በውስጡ ጸጉር፣ ጮማ፣ አንዳንዴም ጥርስ ይዞ ይገኛል። ቸኮሌት ሲስት የሚባለው ያረጀ ደም የቋጠረ ሲሆን፣ የማህፀን ግድግዳን የሚመስል ሕብረ ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል የሚመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ሕመም፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ በመላው ዓለም ወደ 190 ሚሊዮን ሴቶችን እንደያዘ ይገምታል። ምልክቱ በየወሩ የሚብስ ቁርጠት ነው፤ «ስትወልጂ ይተውሻል» እየተባለ ዓመታት የሚታለፈውም ይኸው ነው። ከባዱ ደግሞ ካንሰር ነው። የወር አበባዋ የተቋረጠባት እናት እንቁልጢ ላይ የተገኘ ሲስት ትንሽም ቢሆን ጠንቀቅ ተብሎ መታየት አለበት።

ታዲያ ሁለት ሐኪሞች በአንድ ሆድ ላይ ቢለያዩ ምን ይገርማል? አልትራሳውንድ እንደሚያነሣው ሰው እጅና ዓይን ነው። ሲኤ 125 የተባለው የደም ምርመራም ብቻውን አይታመንም፤ በወር አበባ ጊዜ፣ በኢንዶሜትሪዮሲስ፣ በሆድ ዕቃ ቲቢም ከፍ ይላል። ቲቢ ባልጠፋበት አገራችን ይህ መዘንጋት የለበትም። የሆድ ዕቃ ቲቢ በምስልም በደም ምርመራም ካንሰር መስሎ ሐኪም አሳስቶ ያውቃል፤ መዳኛው ግን የስድስት ወር መድኃኒት ነው። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖር ሌላ ሐኪም መጨመር ለታካሚዋም ለመጀመሪያው ሐኪምም መከታ ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ!

የእንቁልጢ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ራሱ የተጀመረው በሁለተኛ ሐኪም ነው። በፈረንጆቹ 1809 ጄን ቶድ ክሮፎርድ የተባለች አሜሪካዊት ሆዷ ተነፍቶ ሲታይ፣ ያዩዋት ሐኪሞች ቀኑ ያለፈበት የመንታ እርግዝና ነው አሏት። የተጠራው ሌላ ሐኪም፣ ኤፍሬም ማክዳውል፣ መርምሮ «እርግዝና አይደለም፣ የእንቁልጢ ዕጢ ነው» አለ። ሴትየዋ ያንን ሆድ ኮርቻ ላይ አስደግፋ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በፈረስ ተጓዘች። ማደንዘዣ ገና አልተፈለሰፈም። በ25 ደቂቃ ቀዶ ሕክምና ከ10 ኪሎ በላይ የሚመዝን ዕጢ ወጣላት፤ ወደ ቤቷም በፈረሷ ተመለሰች። እስከ 78 ዓመቷ ኖራለች።

ሐኪም ፍለጋ በከብት ጀርባ ወይም በቃሬዛ መጓዝ ለአማራ ሳይንትና ለቦረና ሰው የሩቅ አገር ተረት አይደለም። ከመካነ ሰላም ስፔሻሊስት እስካለበት ደሴ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ላይ ከገጠር ቀበሌ እስከ መካነ ሰላም ያለው የእግር መንገድ አለ። የደሴ ሆስፒታል ራሱ በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ተዘርፎ ባዶውን ቀርቶ ነበር፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ ባለው ግጭት መንገዱ አንዱን ቀን ተከፍቶ ሌላውን ቀን ይዘጋል። «ሌላ ሐኪም አማክሪ» የሚለው ምክር ይህን ሁሉ ካላሰበ ለከተሜ ብቻ የተነገረ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ሳይድበሰበስ መነገር አለበት። ሌላ ሐኪም የማይፈለግበት ሰዓት አለ። ሲስት የያዘ እንቁልጢ ሲጠመዘዝ ድንገተኛ፣ የሚያስጮህ የአንድ ጎን ሕመም ይመጣል፤ ማስመለስ ይከተለዋል። የደም ሥሩ ታንቋልና እንቁልጢውን ለማትረፍ የሚቆጠረው ሰዓት ነው። ሲስት ፈንድቶ ሆድ ውስጥ ደም ሲፈስም፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሲፈነዳም እንዲሁ፤ ራስን የማሳትና የማዞር ስሜት አለው። እንዲህ ያመማት ሴት «ደሴ ይሻላል» ተብላ መኪና መጠበቅ የለባትም። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ጤና መኮንኖች በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ በማስተርስ ደረጃ እየሠለጠኑ በገጠር ሆስፒታሎች የተመደቡት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። በቅርብ ያለው ባለ ምላጭ እጅ ያን ዕለት ከሩቁ ፕሮፌሰር ይበልጣል።

ለማይቸኩለው ሕመም ግን ይግባኝ ይኑር። የይግባኙ ግልባጭ ደግሞ ወረቀቱ ነው። ብዙ ሴቶች ከአልትራሳውንድ ክፍል የሚወጡት «ሲስት» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይዘው ነው። ያ ቃል ደሴ ላለ ስፔሻሊስት ምንም አይነግረውም። የሲስቱ መጠን በሴንቲ ሜትር፣ የግራ ይሁን የቀኝ፣ ውስጡ ንጹሕ ውሃ ይሁን ወይስ ደምና ጠጣር ነገር፣ የወር አበባዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያየችበት ቀን፣ የተወሰደው መድኃኒት፤ ይህ ሁሉ በግማሽ ገጽ ይጻፋል። ኦፕራሲዮን ከተደረገም ምን እንደወጣ፣ የትኛው እንቁልጢ እንደቀረ፣ የወጣው ሥጋ ለፓቶሎጂ ተልኮ ምን እንደተባለ በጽሑፍ ይሰጣት። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም ፊት ቀርባ «ምን እንዳወጡልኝ አላውቅም» ማለት የለባትም። መንገድ ሲዘጋም ወረቀቱ በስልክ ፎቶ ይሻገራል፤ ሆድ በእጅ መዳሰስን ባይተካም፣ ጉዞው ይገባ አይገባ እንደሆነ ለመወሰን ይበቃል።

ሕጉ ታካሚዋን አልረሳትም። የአገራችን የጤና ሕግ ሕክምና የታካሚን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ይደነግጋል፤ ሳይገባ የሚሰጥ ፈቃድ ደግሞ ፈቃድ አይባልም። የዓለም ሐኪሞች ማህበር በፈረንጆቹ 1981 ሊዝበን ላይ ያወጣውና በኋላ ያሻሻለው መግለጫ፣ ታካሚ በማናቸውም የሕክምናው ደረጃ የሌላ ሐኪም አስተያየት የመጠየቅ መብት እንዳለው በግልጽ ያስቀምጣል። የሚቀረው ገንዘቡ ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ ያለችው ተሁለደሬ ነበረች። መድኑ ግን የሚንቀሳቀሰው በሪፈር ነው፤ ያለ ሪፈር ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል የሄደች አባል ሙሉ ሽፋን አታገኝም። ስለዚህ ቁልፉ ያለው ሪፈር በሚጽፈው ሐኪም እጅ ነው። ሁለተኛ አስተያየት የምትጠይቀውን ሴት እንደ ተጠራጣሪ ሳይሆን እንደ ባለጉዳይ አይቶ ሪፈሯን ይጻፍላት። የዞኑ ጤና መምሪያና የመድኑ ጽሕፈት ቤትም የእንቁልጢ ወይም የማህፀን ኦፕራሲዮን ለተወሰነባት፣ አጣዳፊ ላልሆነባት ሴት የሁለተኛ ሐኪም ጥያቄ በራሱ በቂ የሪፈር ምክንያት ነው ብለው በጽሑፍ ያሳውቁ።

እህቶች፣ እናቶች፤ ከምርመራ ክፍል ስትወጡ ውጤቱን በወረቀት ጠይቁ። ባሎችና ወንድሞች፣ ለድንበር ክርክር የምትሸጡት በሬ ካለ፣ ለዚህም ይኑር።