የመሬት ቀለብ ወዴት ይሄዳል?



አላህ (ሱ.ወ.) የሞተችን መሬት በዝናብ ሕያው ማድረጉን እንድናስተውል በቁርኣን ውስጥ ደጋግሞ ያሳስበናል። ይህን ስናስብ የአብዛኞቻችን ዓይን ወደ ደመናው ነው የሚያመራው። በዛሬው ዝግጅታችን ግን ወደ እግራችን ሥር፣ ወደ አፈሩ እንመለከታለን።

ተክል በብዛት ከሚሻቸው ምግቦች አንዱ ናይትሮጅን ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ሆኖ ሳለ ጤፉም ስንዴውም በዚህ ሁሉ ሀብት መካከል ቆመው ይራባሉ፤ የአየሩን ናይትሮጅን በቀጥታ ሊጠቀሙበት አይችሉምና። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽንብራ ግን አቅራቢ አላቸው። በሥራቸው ላይ ባሉ ጥቃቅን እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኑን ከአየር ወስደው ተክሉ ወደሚጠቀምበት ዓይነት ይለውጡለታል፤ ተክሉም በፋንታው ስኳር ይቀልባቸዋል። ሄልሪግልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን ይህን ያረጋገጡት በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ገበሬው ግን ባቄላ የተነሣበት ማሳ በማግሥቱ ዓመት ስንዴ እንደሚያሳምር ቀድሞም ያውቀው ነበር። ልጆች ያሉበት ቤት ይሞክረው፦ አበባ የያዘ ባቄላ ከነሥሩ በጥንቃቄ ነቅላችሁ አንዷን እባጭ በጥፍር ክፈቷት። ውስጧ ቀላ ካለ ሥራ ላይ ናት።

የሐረርጌ ገበሬ በማሽላው መካከል የሚተወው የገርቢ ዛፍም ከዚሁ ወገን ነው። ጠባዩ ይገርማል። ሌላው ዛፍ በክረምት ሲለመልም እርሱ ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ ሰብሉን ብርሃን አይሻማውም፤ የረገፈው ቅጠል በስብሶ አፈሩን ይቀልባል፤ በበጋ ደግሞ ከብቱ ጥላው ሥር ቆሞ ፍሬውን እየበላ እበቱን እዚያው ይጥላል።

እንግዲህ እህሉ ወደ ጎተራ፣ ገለባው ወደ ከብቱ ሲሄድ እበቱ ወደ ማሳው ሊመለስ ይገባው ነበር። እንጨት በጠፋበት አገር ግን ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ በአብዛኛው ከጭሱ ጋር ይሄዳል፤ ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ። በ100 ኪሎ ደረቅ ኩበት ውስጥ በግምት ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ይህን ያህል ኩበት ያነደደ ቤተሰብ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዩሪያ አነደደ ማለት ነው። ያንኑ ዩሪያ ደግሞ በብር ይገዛዋል!

ይህን ማለታችን ኩበት የምትጠፈጥፈውን እናት ለመውቀስ አይደለም። እራት መብሰል አለበት። እበትን አታንድዱ ብሎ መምከር የሚቀናው ማገዶ ለማይቸግረው ሰው ነው። ይልቅ በአጥሩ ዙሪያ ሰስባኒያ ቢተከል ቶሎ ያድጋል፤ ቅጠሉ ለከብት፣ እንጨቱ ለማገዶ ይሆናል፣ ሥሩም እንደ ባቄላው ናይትሮጅን ያስገባል። እስከዚያው አመዱ ከደጅ ከሚደፋ በጓሮው ላይ ሳሳ ተደርጎ ይበተን።

እኛ የከተሜዎቹስ? በዒድ አል-አድሓ ዕለት ከየግቢው ወጥቶ ገንዳ ውስጥ የሚጣለው የኡዱሒያ ፈርስ ሌላ ሳይሆን ግማሽ የተፈጨ ሣር ነው። ግቢ ያለው ሰው ከውኃ ጉድጓድ ራቅ ብሎ ጥልቅ አድርጎ ይቆፍርና ከደረቅ ቅጠልና ከአፈር ጋር እያፈራረቀ ይቅበረው። ሽታው ይቀራል፤ ከወራት በኋላም ብስባሹ ለሎሚው ይደርሳል። ውሻ እንዳይቆፍረው ግን ድንጋይ ይጫንበት።