ጀብደኛው ማነው?

ፈረንጅ በሞተር ብስክሌት አፍሪካን ሲያቋርጥ ጀብደኛ ይባላል። የቃሊቲ ልጅ በዚያው አስፋልት ሲነዳ ግን «ቦርሳችሁን ያዙ!» ይባልበታል። ለመሆኑ ይህን ፍርድ ማን ፈረደው?

ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 ከለንደን ተነሥቶ፣ በ500 ሲሲ ትራያምፍ አራት ዓመት ዓለምን ሲዞር በአገራችን አልፏል። በ2007 ደግሞ ኢዋን ማክግሬገርና ቻርሊ ቡርማን ካሜራና መኪና አስከትለው መጡ። አንነቅፋቸውም፤ በተለይ ሳይመን ብቻውን ነበር።

ግን እስቲ የኛን ሰው እንየው። ከኋላው ጆንያ፣ ከፊቱ የጅቡቲ ተሳቢ፣ ከሥሩ የክረምት ጭቃ። ካቴናው ቢበጠስ ጠጋኙ ራሱ ነው። ለእንጀራው ነው የሚነዳው፤ እውነት ነው። ለእንጀራ ብቻ ነው ያለው ግን ማነው? እሑድ ጠዋት ሞተሩን አጥቦ፣ ያለ አንዳች ጉዳይ ቢሾፍቱ ደርሶ የሚመለሰውን አላያችሁም? «ምን ልትሠራ ሄድክ?» ብትሉት፣ «እንዲሁ ነፋስ ልቀበል» ብሎ ይስቃል።

በሰኔ 2011 ዓ.ም. ማብቂያ የከተማው አስተዳደር ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ከለከለ። ምክንያቱ ዘረፋ ነው ተባለ። ዘረፋ መኖሩን አንክድም። ሌባ በመኪና ሲሰርቅስ መኪና ይከለከላል እንዴ? ሌባውን መለየት ስላስቸገረ ነጂው ሁሉ ከነሞተሩ ተጠርጣሪ ሆነ።

እኛስ ተማሪዎቹ? የሳይመንን መጽሐፍ እየተዋዋስን እናነባለን፤ የአቃቂውን ሞተረኛ መንገድ ግን አንዳችንም አልጻፍንም። ሂዱና ጠይቁት፤ የነገራችሁን ለሚቀጥለው እትም አምጡ።