«ውሻዬ ተከትቧል»… የምኑን?

ከዱራሜ ከተማ የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «ከሁለት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ቡችላ ገዝቼ አመጣሁ። ሻጩ የክትባት ካርዱን አብሮ ሰጥቶኛል። ባለፈው ሳምንት ውሻው የጎረቤቴን የ8 ዓመት ልጅ ባቱ ላይ ነከሰው። እናቱ ደንግጣ ሐኪም ቤት ልትወስደው ስትነሳ ‹አይዞሽ፣ ተከትቧል፣ ካርድ አለው› ብዬ አስቀረኋት። አሁን ግን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ጥፋት ሠርቻለሁ?»

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጋዜጣው እስኪታተም የሚጠበቅበት ጥያቄ አይደለም። ደብዳቤው ላይ ስልክ ቁጥር ስለነበረ ወዲያው ደወልኩ። «እስቲ ካርዱን ያንብቡልኝ» አልኳቸው። ሁለት ተለጣፊ ወረቀቶች አሉበት፤ ሁለቱም የተለጠፉት ቡችላው ሦስት ወር ሳይሞላው ነው። ዲስቴምፐር፣ ፓርቮ፣ ሄፓታይተስ፣ ሌፕቶ… እያሉ ቆጠሩልኝ። «ራቢስ የሚል አለ?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «የለም» አሉኝ። ልጁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደ።

ጠያቂያችን የዋሹት ነገር የለም። ውሻው በእርግጥ ተከትቧል፤ ግን ሰው ለሚገድለው በሽታ አይደለም። «አምስት በአንድ» እየተባለ የሚሰጠው ክትባት በዋናነት ለውሻው ለራሱ ነው። ፓርቮ ቡችላን ደም እያስቀመጠ ይገድላል፤ ዲስቴምፐር ሳንባውንና አንጎሉን ይጎዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን ራሱን የቻለ መርፌ ነው። ካርዱ ላይ «ራቢስ» የሚል ከሌለ ወይም የእንስሳት ሐኪሙ በእጁ ካልጻፈው፣ አልተሰጠም ብላችሁ ቁጠሩ።

አሠራራቸውም ይለያያል። የዲስቴምፐር፣ የፓርቮና የሄፓታይተሱ በአብዛኛው ሕያው ሆኖ የተዳከመ ቫይረስ ነው። የቡችላው በአግባቡ ካለቀና በዓመቱ ከተደገመ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይከላከላል። በአግባቡ ካለቀ ነው ያልኩት! ቡችላ ከእናቱ እንገር ጋር መከላከያ ይጠባል፤ ያ መከላከያ ደግሞ ክትባቱን ራሱን ያከሽፈዋል። ስለዚህ ከስድስትና ስምንት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ እየተደጋገመ እስከ 16 ሳምንቱ መዝለቅ አለበት። የጠያቂያችን ውሻ ሁለቴ ተወግቶ ቆሟል፤ ፓርቮውም ቢሆን አያስተማምንም። በአይጥ ሽንት የሚተላለፈው የሌፕቶ ክትባት ደግሞ የሞተ ባክቴሪያ ስለሆነ ኃይሉ ዓመት ያህል ነው፤ በየዓመቱ ይደገማል።

የራቢሱ የሞተ ቫይረስ ነው። መጀመሪያ በሦስት ወሩ ይሰጣል፣ በዓመቱ ይደገማል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ፋብሪካው አንድ ዓመት ወይም ሦስት ዓመት ይሠራል። ብልቃጡ ላይ ተጽፏል፤ ሐኪሙን ጠይቁ። ካላወቃችሁ በየዓመቱ ድገሙት። የመጀመሪያው መርፌ እስኪሠራ ወር ገደማ ይፈጃል፤ ዛሬ አስወግቶ ነገ «ተከትቧል» ብሎ መፎከር የለም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። በፌስታል ተይዞ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ የተጓዘ ብልቃጥ ምን ዋጋ አለው?

በእኛ አገር ውሻ እንዴት እንደሚኖር ደግሞ እናውቃለን። ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ፣ ሾኔም ሆነ ዶዮገና ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ጅብ ያባርራል፣ እንሰቱን ከጃርት ይጠብቃል። ሌሊት ከማን ጋር ሲናከስ እንዳደረ ባለቤቱ አያውቅም። ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን ሲያከብር በየሰፈሩ ከብት ይታረዳል፤ አጥንት ፍለጋ የማይሰበሰብ የውሻ ዓይነት የለም። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀንም ሴፕቴምበር 28 ነው፣ የመስቀል ማግስት አካባቢ። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1895 ያረፈበት ቀን ነው። ቀን ለሚረሳ ሰው ይመቻል፦ ከበዓሉ አንድ ወር ቀደም ብሎ ማስወጋት።

ንክሻ ከደረሰ ግን የውሻው ካርድ ቢኖርም ባይኖርም ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ። ቅጠል ወደሚቀጠቅጠው ሰው አይደለም። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚፈራው ድሮ ከበግ አንጎል እየተሠራ ሆድ ላይ በየቀኑ ይወጋ የነበረውን ነው፤ ዘመናዊው ክንድ ላይ አራት ወይም አምስት ጊዜ ነው። ውሻውን አትግደሉት። አስራችሁ አሥር ቀን ተመልከቱት፤ ሲነክስ በምራቁ ቫይረስ ከነበረ በነዚያ ቀናት ይታመማል። ደህና ከሆነ ሐኪሙ የልጁን መርፌ ሊያስቆም ይችላል።

ጠያቂያችን እንደገና ደውለውልኛል። ውሻው አሥር ቀኑን በጤና ጨርሷል፤ በማግስቱ የመጀመሪያውን የራቢስ መርፌ ተወግቶ ቀኑ ካርዱ ላይ ሰፍሯል። የልጁ እናት ግን እስካሁን ቡና አልጠራችኝም ብለዋል።