«ዓይን አይገድልም» ለሚሉ ባልደረቦች ምላሽ

በእንስሳት ሕክምና ሙያ ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ አባባል አለ፦ «ዓይን አይገድልም»። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባሉ የእንስሳት ጤና ኬላዎችም ሆነ ለሥልጠና በምንሰበሰብባቸው አዳራሾች የከብት ዓይን ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ውይይቱ በዚህች ቃል ይዘጋል። ሐሳቡ ሲብራራ እንዲህ ነው፤ ደቡብ ምዕራብ የፄፄ ዝንብ አገር ነው፤ ከብት የሚጨርሰው ገንዲ ነው፤ ያለችንን ጥቂት መድኃኒትና ሰው ለገንዲ፣ ለአባ ሰንጋና ለአባ ጎርባ እናውል። የዓይን ሕክምና የውሻና የድመት ባለቤቶች ቅንጦት ነው፤ በእንስሳት ዓይን ላይ የሚካሄድ ምርምርም የሩቅ አገር ጉዳይ እንጂ የቡና አገር ጉዳይ አይደለም።

ይህን የሚሉት ሰዎች ሰነፎች አይደሉም። ብዙዎቹ በጭቃና በዝናብ በእግራቸው ሄደው ከብት ያዳኑ፣ የማከብራቸው ሰዎች ናቸው። ገንዲ ይቅደም ማለታቸውም ልክ ነው። የተሳሳቱት ዓይንን ከገንዲና ከሌሎቹ ገዳዮች ነጥለው ማየታቸው ላይ ነው።

ከሸኮ ወረዳ አንድ ሽማግሌ ጊደራቸውን ጎትተው ያመጡባትን ቀን አልረሳም። የግራ ዓይኗ ተጨፍኗል፤ ከጉንጯ እስከ አፏ ድረስ ዕንባ ወርዶ ፀጉሯን አጣብቆታል። «ገለባ ገብቶባት ነው፤ ጨው አድቅቄ እፍ አልኩባት፣ ባሰባት» አሉኝ። ማደንዘዣ ጠብ አድርጌ ጥቂት ከጠበቅሁ በኋላ ከውስጥ ያለውን ሦስተኛውን የዓይን ሽፋን ቀስ ብዬ አነሳሁት። በእርጥብ ጥጥ ስጠርግ ነጭ ክር የመሰለ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ተከትሎ ወጣ። ከዚያም ሌላ። ቴላዚያ የሚባለው የዓይን ትል ነበር፤ ርዝመቱ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ዕንባ የሚልስ ዝንብ ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው ያሸጋግረዋል። ትሉ ከወጣ በኋላ የቀረው ጉዳት ግን የትሉ ብቻ አልነበረም፤ ጨው ያቃጠለው ቦታም ነበረበት። ሽማግሌው አጎንብሰው ካዩት በኋላ «ታዲያ ያሳወርኳት እኔ ነኛ?» አሉኝ።

«አይ አባቴ፣ ዓይኗ ይተርፋል» አልኳቸው፤ ተረፈም። ጥያቄያቸው ግን ከእኔ ጋር ቀረ፤ ምክንያቱም እኔም ከዓመታት በፊት ከእሳቸው የከፋ ነገር ሠርቻለሁ። የበሬ ዓይን ቀልቶ ሳየው፣ ኮርኒያው መቁሰል አለመቁሰሉን ሳልመረምር፣ ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ አደረግሁበት። ስቴሮይድ ቅላቱን ያበርዳል፤ ቁስሉ እንዳይድን ግን ይከለክላል። በሳምንቱ ዓይኑ ፈሰሰ። ያንን ቁስል ለማየት የሚያስፈልገው በፍሎረሲን የተነከረች አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነበረች፤ ቀለሙ ቁስል ባለበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል፣ ጤነኛው ላይ ታጥቦ ይሄዳል። ወረቀቷ ያልነበረችው ውድ ስለሆነች አይደለም። «ዓይን አይገድልም» በሚባልበት ቦታ እንድትገዛ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ ልብ ልግባ። ዓይኑ የነጣ ከብት ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ የለበትም። ብዙውን ጊዜ የምናየው ሞራክሴላ ቦቪስ የሚባል ባክቴሪያ የሚያመጣውን ነው። ባክቴሪያው እንደ ጭገር በቀጠኑ ክሮች ኮርኒያው ላይ ይጣበቃል፣ በመርዙ ይቆረቁረዋል፤ ኃይለኛ ፀሐይ፣ አቧራና ዓይን የሚወጋ ረጅም ሣር መንገድ ይከፍቱለታል፤ ዝንብ ያዛምተዋል። ንጣቱ የሚጀምረው ከመሃል አካባቢ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት በኦክሲቴትራሳይክሊን መርፌ ይድናል፤ ሰው ለትራኮማ የሚቀባው የቴትራሳይክሊን ቅባትም ይረዳዋል። ነገር ግን ንጣቱ በሁለቱም ዓይኖች ላይ፣ ከዳር ተነስቶ ወደ መሃል የሚጓዝ ከሆነ፣ ከብቱም ከፍተኛ ትኩሳትና ከአፍንጫው ወፍራም ፈሳሽ ካለው፣ ነገሩ ሌላ ነው። ማሊግናንት ካታራል ፊቨር ሊሆን ይችላል። በጎች ምንም ሳይታይባቸው የሚሸከሙት ቫይረስ ነው፤ የያዘው ከብት በአብዛኛው አይተርፍም። ከበጎቹ ጋር ያደሩትን ሌሎች ከብቶች ለመለየት ጊዜ የሚገኘው የመጀመሪያውን ከብት ዓይን ከዳር እስከ መሃል ያየ ሰው ካለ ነው።

በገንዲም ቢሆን ቀድሞ የሚናገረው ዓይን ነው። ገንዲ ደም ያሳጣል፤ ደም ማነስ ደግሞ ማይክሮስኮፕ በሌለበት ቀድሞ የሚታየው የታችኛው የዓይን ሽፋን ሲገለበጥ ነው። ይህን የጥንት ልማድ ወደ ሥርዓት የቀየሩት ደቡብ አፍሪካውያን ናቸው። ፋማቻ የተባለው የቀለም ካርድ የበግና የፍየልን የዓይን ሽፋን ከቀይ እስከ ነጭ በ5 ደረጃ ይለያል፤ የሆድ ዕቃ ደም መጣጭ ትል ያለበትን ብቻ መርጦ ለማከም ያስችላል። ካርዱን እንዳለ እዚህ ማምጣት ግን ስሕተት ነው። በፄፄ አገር የገረጣ ዓይን ከትል ይልቅ የገንዲ ሊሆን ይችላል፣ የትል መድኃኒት ሰጥቶ መላክ ደግሞ ከብቱን መግደል ነው። ካርዱን ለእኛ አገር ማስተካከል ምርምር ይፈልጋል፤ ያ ምርምርም የዓይን ምርምር ነው።

የሸኮ ከብት ደግሞ ለዚህ ምርምር የተመቸ ነው። ትንሽ፣ ብዙውን ጊዜ ቀንደ አጭር ወይም ቀንድ አልባ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከቀሩት የታውሪን ዘሮች ወገን የሚቆጠር፣ ቁጥሩ እየመነመነ የመጣ ከብት ነው። በጊቤ ሸለቆ ከአቢጋር፣ ከሆሮና ከጉራጌ ከብቶች ጋር ተወዳድሮ ገንዲ በበዛበት ቦታ ደሙን ከሁሉም በተሻለ ሁኔታ ይዞ ተገኝቷል። የሸኮ ላም ተውሳኩን ተሸክማም ዓይኗ ሳይገረጣ ልትቆም ትችላለች፤ ለሌላ ከብት የተሠራ ቀለም ለእሷ ያታልላል። ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ያለ ከብት ነው።

«ምርምሩ የሩቅ አገር ነው» ለሚሉ ደግሞ በዚሁ በቡናው ጥላ ሥር ያለ ማስረጃ አለኝ። ጣሊያኖች በ1939 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መኖሩን የመዘገቡት ኦንኮሰርካይሲስ፣ በፈጣን ወንዝ በሚራባ ጥቁር ዝንብ የሚተላለፈውና ዓይን ሊያሳውር የሚችለው የትል በሽታ፣ የበበቃንና የቴፒን ቡና ለቃሚዎች ለዘመናት ሲያሳክክ ኖሯል። በ2001 እ.ኤ.አ. በካፋና በሸካ የበሽታው መድኃኒት የሆነው የሜክቲዛን ዕደላ ተጀመረ። ሰዉ በቁመት መለኪያ ዘንግ እየተለካ ክኒኑን ሲውጥ ያላየ የለም። ያ ክኒን አይቨርሜክቲን ነው፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበውም ለእንስሳት ነበር።

ለሰው ይሆናል የሚለው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ደግሞ ልብ ይባል። መድኃኒቱ በፈረስ አንገት ጅማት ውስጥ የሚኖረው፣ ለሰው ትል የሥጋ ዘመድ የሆነው ኦንኮሰርካ ሰርቪካሊስ በፈረሱ ቆዳ ውስጥ የሚያሰራጫቸውን እጮች ሲያጠፋ ታየ። የእንስሳት ጥገኛ ተውሳክ ሊቅ የነበረው ዊልያም ካምቤልም መድኃኒቱ በሰው እንዲሞከር ግፊት አደረገ። ከዚያ በፊት የነበረው መድኃኒት፣ ዳይኢትልካርባማዚን፣ እጮቹን በዓይን ውስጥ በድንገት እየገደለ ብግነት ያስከትልና ሊያድነው የመጣውን ዓይን ይጎዳ ነበር። አይቨርሜክቲን ይህን ጣጣ አላመጣም። የመድኃኒቱ አምራች ሜርክ በ1987 እ.ኤ.አ. በነጻ ለመስጠት ቃል ገባ፤ ካምቤልና የግኝቱ ተጋሪ ሳቶሺ ኦሙራ በ2015 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙ።

እዚህ ላይ «በደቡብ ምዕራብ ኦንኮ ቆዳ ያሳክካል እንጂ እምብዛም አያሳውርም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው። ግን ዓይንን ለምን እንደሚያሳውር የታወቀውም ከእንስሳ ዓይን ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ በአይጥ ኮርኒያ ላይ በተሠራ ሙከራ፣ ብግነቱን የሚቆሰቁሰው ትሉ ራሱ ሳይሆን በትሉ ሰውነት ውስጥ የሚኖረው ወልባኪያ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑ ታየ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ደግሞ በካሜሩን ከብት ላይ የሚኖረው ኦንኮሰርካ ኦቼንጊ በኦክሲቴትራሳይክሊን ሲታከም ወልባኪያው ሞተ፣ ትሉም ተከትሎት ሞተ። ኦክሲቴትራሳይክሊን! በየኬላችን መደርደሪያ ላይ ያለው፣ የሞራክሴላን ዓይን የምናክምበት ያው ጠርሙስ።

በሰሜን ካሜሩን የሠሩት ተመራማሪዎች ሌላም ሐሳብ አቅርበዋል፤ ጥቁር ዝንቡ ከብት ሲያገኝ ከሰው ይልቅ ከብቱን ስለሚነክስ፣ የከብቱ ትልም ሰው የሰውን ትል እንዲቋቋም ሊያለማምደው ስለሚችል፣ ከብት የሚረባበት መንደር ከበሽታው ሊጋረድ ይችላል ይላሉ። በጋቸብ ወንዝ ዳር ከብት የሚጠብቅ ልጅና በቡና እርሻ ውስጥ ከብት ሳይኖረው የሚኖር ወቅታዊ ሠራተኛ በአንድ ዝንብ የሚነከሱበት አገር ይህን ጥያቄ ከካሜሩን ተረክቦ መመርመር የሚገባው ነው። ሀገራችን ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሽታውን ከመቆጣጠር አልፋ ለማጥፋት ተነስታለችና፣ ዝንቡ የማንን ደም እንደሚጠጣ ማወቅ ተጨማሪ ጉዳይ ሊባል አይችልም።

ስለዚህ የምጠይቀው ለዓይን የተለየ ክሊኒክ አይደለም። በክትባት ዘመቻ ቀን ከብቱ አንድ በአንድ በማጎሪያው መተላለፊያ ያልፋል፣ ሁለት ሰው ይዞታል፣ መርፌው እስኪሞላ ድረስም ቆሞ ይጠብቃል። በዚያች ቅጽበት የእጅ ባትሪ የያዘ አንድ ሰው የግራና የቀኝ ዓይኑን ሽፋን ይገልብጥ፤ ቀይ ነው ወይስ ገርጥቷል፣ ንጣት ካለበት ከመሃል ነው ወይስ ከዳር፣ ብሎ ከክትባቱ ቁጥር ጎን በዚያው መዝገብ ላይ ይጻፈው።